«ሴም ቱ ዩ» አትበሉ፤ ሌላው ይደርሳል

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ነበር። አንኮበር ገደል ላይ ጭላዳ ሲያዩ የዋሉ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከነጭቃ ጫማቸው ገቡ። ሴትየዋ አስተናጋጁን ስታየው ፊቷ በራ። ማታ ብርዱ አላስተኛ ሲላት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያመጣላት እሱ ነው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ታንክ ዩ ሶ ማች ፎር ዘ ብላንኬት» አለችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ ፈገግታ፣ «ሴም ቱ ዩ!» አላት፤ «ላንቺም እንዲሁ!» እንደማለት።

ሴትየዋ ባሏን አየች። ባሏ ጣሪያውን አየ። እኔ ቡናዬ ትን አለኝ።

ስምንት ዓመት እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜያለሁ። አሁን አስተናጋጆችን እንግሊዝኛ አሠለጥናለሁ። ይህችን «ሴም ቱ ዩ» ስንት ጊዜ እንዳረምኳት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አርሜ ዞር ስል ተመልሳ ትመጣለች።

ከየት እንደምትመጣም አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ምስጋና ጸሎት ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንባል «አብሮ ይስጠን» እንላለን። መንዝ ያሉት አያቴ ውሃ ያቀበላቸውን ልጅ እንኳ ሳይመርቁ ብርጭቆውን አይመልሱም፤ እኛም «አሜን» ብለን ነው የምንቀበላቸው። አንዱ ይለምናል፣ ሌላው ልመናውን ይካፈላል። እንግዲህ «አብሮ ይስጠን»ን ይዘህ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር እጅህ ላይ የምትቀረው «ሴም ቱ ዩ» ናት።

የፈረንጁ «ታንክ ዩ» ግን ምርቃት አይደለም። አሜን አይባልበትም። ሰውየው የሚልህ «ያደረግክልኝን አይቻለሁ» ነው። መልሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «ይህማ ምን አላት» ትላለህ፣ ወይ «ደስ እያለኝ ነው ያደረግኩት» ትላለህ። ለመጀመሪያው «ዩ አር ዌልካም» ወይም «ኖት አት ኦል»፣ ለሁለተኛው «ማይ ፕሌዠር» ወይም «ግላድ ቱ ሄልፕ» አለልህ። አራት ናቸው። አራቱን ይዘህ ጡረታ መውጣት ትችላለህ።

«ሴም ቱ ዩ» ቦታ የላትም አላልኩም። ቦታዋ መልካም ምኞት ላይ ነው። «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» ወይም «ሜሪ ክሪስማስ» ካለህ በላት፤ «ዩ ቱ» ብትልም ይበቃል። ምኞት ሲሆን መልስለት፣ ምስጋና ሲሆን ተቀበለው። («ሃፒ በርዝዴይ» ምኞት ነው ብለህ ደግሞ እንዳትመልስ። የእሱም ልደት ካልሆነ በቀር።)

«ምንም አይደለም» ማለት «ናቲንግ» ነው የሚሉም አሉ

እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ እኩለ ሌሊት ላይ ቀሰቀሱኝ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ አገር ለመጣ ሰው ከፍታው ራስ ምታት ያስነሳል። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳቸው፣ እስኪሻላቸውም አብሬ ቆየሁ። ጠዋት ሲሄዱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ናቲንግ»።

«ምንም አይደለም» ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት «ምንም» የሚለውን ብቻ ነው። እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

ችግሩ የእኛ «ምንም አይደለም» ሁሉን ቻይ መሆኗ ነው። ላመሰገነም፣ ይቅርታ ለጠየቀም፣ «በቃ ተወው» ለማለትም አንዷ ትበቃናለች። እንግሊዝኛው ግን ለየብቻ ነው ያስቀመጠው። ብርጭቆ ሰብሮ «ሶሪ» ላለህ «ዛትስ ኦልራይት» በለው። የጠየቅከውን ሳይሰማህ ሲቀርና ነገሩም ካልረባ «ኔቨር ማይንድ» ብለህ ተወው። ላመሰገነህ ግን «ኔቨር ማይንድ» ካልከው «እርሳው ባክህ» እንዳልከው ነው የሚቆጥረው።

«ዌልካም» እና «ዩ አር ዌልካም» አንድ ናቸው

አይደሉም። አገሩ በሙሉ ደግሞ ገልብጦ ነው የያዛቸው። እንግዳ ከመኪና ሲወርድ በረኛው «ዩ አር ዌልካም! ዩ አር ዌልካም!» ይላል። ፈረንጁ ገና ማንንም ሳያመሰግን የምስጋና መልስ ይደርሰዋል። ከዚያ ሻንጣው ክፍሉ ሲገባለት «ታንክ ዩ» ይላል፤ ይሄኔ ልጁ «ዌልካም» ብሎ ይወጣል። ሰውየው እንደ አዲስ የመጣ ይመስል።

ቃሉ ራሱ የበር ቃል ነበር። ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊልኩማ» የመጣ ነው፤ መምጣቱ የሚያስደስት እንግዳ ማለት ነው። ዛሬ ግን ሥራው ተከፍሏል። በር ላይ «ዩ አር»ን ጣላት፤ ሲያመሰግኑህ አንሳት። ሠልጣኞቼን በሩ ላይ አቁሜ ነው ይህን የማለማምዳቸው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ሒሳብ ሲከፍልህስ?

እዚህ ላይ ጎበዞቹም ይሳሳታሉ። እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጉርሻም ጨምሮ «ታንክ ዩ» ይላል። ልጁ የተማረውን «ዩ አር ዌልካም» ያወርዳል። ስህተት ነው ብሎ የሚቀጣህ የለም፤ ግን ገንዘቡን የተቀበልከው አንተ ነህ። ማመስገን ያለብህም አንተ ነህ። ስለዚህ «ታንክ ዩ» ብለህ «ዩ» ላይ ጫን በል። ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ «ኧረ እኔ አመሰግናለሁ» ስንል «እኔ» ላይ ጫን እንል የለ? እኛ «እኔ» ላይ፣ እነሱ «ዩ» ላይ ይጫናሉ። ሱቅ ያላችሁ፣ በርኖስና ባና ለቱሪስት የምትሸጡ፣ ይህቺኛዋን ያዟት።

«ኖ ፕሮብሌም» ስድብ ነው

ስድብስ አይደለም። ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲሉት ይውላሉ፤ አውስትራሊያውያንም «ኖ ዎሪስ» ይላሉ። አንዳንድ በዕድሜ የገፉ እንግዶች ግን «ችግር ሊሆንብህ ነበር እንዴ?» እያሉ ቅር ይላቸዋል። ሽበት ካየህ «ማይ ፕሌዠር» በል፣ ተገላገል። እሷንም ቢሆን አታብዛት። የአሜሪካው የዶሮ ምግብ ቤት ቺክ ፊል ኤ ሠራተኞች ለእያንዳንዷ «ታንክ ዩ» «ማይ ፕሌዠር» ስለሚሉ አገሬው ራሱ ይቀልድባቸዋል።

ሌሎቹን ላሳጥራቸው። «ዶንት ሜንሽን ኢት» ቁጣ አይደለም፤ ትንሽ ያረጀ ትሕትና ነው። «ኖት አት ኦል» ምስጋናውን መካድ አይደለም። «ሹር» ከአሜሪካዊ አፍ ሲወጣ ያምራል፤ ከአስተናጋጅ አፍ ይቀላል። «ማይ ዲር» ለማታውቃት ሴትዮ፦ በፍጹም። «ሰር» በየዓረፍተ ነገሩ ሦስት ጊዜ ሲገባ አክብሮት መሆኑ ቀርቶ ወታደር ቤት ይመስላል።

አንድ ከቃል ውጪ የሆነ ነገር አለ። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን አይደል? አዎ ማለታችን ነው፤ ሲያመሰግኑንም እንደዚያው እናደርጋለን። የማያውቅ ፈረንጅ ግን ልጁ የደነገጠ ነው የሚመስለው። አንዷ «ምን ሆነ?» ብላ ወደኋላዋ ስትዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ትንፋሹን አትተዉት፣ የኛ ነው። ግን ከኋላው ቃል አስከትሉበት።

በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ረጅም መልስ ጨዋ ይመስለዋል። ኢንተርኔት ላይ እንግዳው ስለ ሆቴሉ ጥሩ ነገር ከጻፈ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ያንኑ ግማሽ ገጽ እየገለበጠ ይለጥፋል። «ቫልዩብል ፊድባክ» የምትባል ነገርማ መቼም አትቀርም። ማንም አያነባትም። እንግዳው ስለ ብርድ ልብሱ ከጻፈ ስለ ብርድ ልብሱ መልስለት፦ «ታንክ ዩ። ዊ አር ግላድ ዩ ስሌፕት ዋርም»። ሙቅ ውሃ ጠፋ ካለም ያቺን አትዝለላት።

ያን ልጅ ኋላ ጠርቼ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እሺ ጋሼ፣ ግን ብርድ ልብሱን ያመጣሁላት ስለበረዳት ነው። በአማርኛ ብትመርቀኝ ኖሮ ምን ልበላት?» አለኝ።

«አሜን በላታ» አልኩት።

«ታዲያ ሴም ቱ ዩ ከአሜን ምን ያንሳል?»

ነገ በር ላይ ቆሞ ይለማመዳታል።