ባርነትና የፕሬዚዳንት ምርጫ በአሜሪካ ክፍል ውስጥ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ባርነት የታሪክ ትምህርት ርዕስ ነው፤ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ኤሌክቶራል ኮሌጅ (እያንዳንዱ ግዛት በወካይ መራጮቹ በኩል ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት) ደግሞ የሥነ ዜጋ። ተማሪው ሁለቱን በየፊናቸው ተምሮ የሚገናኙበትን ቦታ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። መገናኛቸው በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1፣ ክፍል 2 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ድንጋጌው እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት የሚያገኘው መቀመጫ በነጻ ነዋሪዎቹ ቁጥር ላይ «የሌሎች ሰዎች ሁሉ» ሦስት አምስተኛ ተደምሮ እንዲሰላ አዘዘ። «ሌሎች ሰዎች» የተባሉት በባርነት የተያዙት ናቸው። አርቃቂዎቹ ቃሉን ሸሹት፤ «ባርነት» በስሙ ሰነዱ ውስጥ የገባው በ1865፣ በሻረው በ13ኛው ማሻሻያ ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ በክፍልፋዩ ይቆጣሉ፤ ጥቁሩን ሙሉ ሰው አላሉትም ብለው። ቁጣው ተገቢ ቢሆንም አቅጣጫውን ስቷል። ሙሉ ይቆጠሩ ብለው የተሟገቱት ባሪያ አሳዳሪዎቹ ደቡቦች ነበሩ፤ ጨርሶ አይቆጠሩ ያሉት ከሰሜን ወገን ነበሩ። በባርነት የተያዘው ሰው በየትኛውም ስሌት ድምፅ አይሰጥም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚጠነክረው የጌታው ክንድ ነው።

አንድ ግዛት የሚኖረው ወካይ መራጭ የምክር ቤት መቀመጫው ሲደመር ሁለት ሴናተሮቹ ስለሆነ፣ ያው ስሌት ወደ ፕሬዚዳንት ምርጫም ገባ። ራሱ ባሪያ አሳዳሪ የነበረው ቨርጂኒያዊው ጄምስ ማዲሰን ሐምሌ 19 ቀን 1787 በአርቃቂዎቹ ጉባኤ ባደረገው ንግግር፣ ሕዝቡ በቀጥታ ቢመርጥ እንደሚሻል ካመነ በኋላ፣ ደቡብ ግን በጥቁሮቹ ቁጥር ምንም አያገኝም፤ ወካይ መራጮች ችግሩን ይፈቱታል አለ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። በሰፊው አገር መራጩ ዕጩዎችን አያውቅም የሚል ስጋትም ነበር፤ የታሪክ ምሁራን በየትኛው ምክንያት ክብደት ላይ ዛሬም ይከራከራሉ።

ለክፍል ከክርክሩ ይልቅ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ይሻላል። በ1790 ቆጠራ ቨርጂኒያ 747,610 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከእነዚህ 292,627ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ፔንስልቬንያ 434,373 ነዋሪዎች ሲኖሯት በባርነት የተያዙት 3,737 ብቻ ነበሩ። መቀመጫው ለ33,000 ሰው አንድ ነበር፤ ትርፉ ይጣላል። በሦስት አምስተኛው ስሌት ቨርጂኒያ 19፣ ፔንስልቬንያ 13 መቀመጫ አገኙ፤ ወካይ መራጮቻቸውም 21 እና 15 ሆኑ። አሁን ተማሪው ነጻዎቹን ብቻ ያካፍል፦ ለሁለቱም 13 ይወጣል። የቨርጂኒያ ስድስት ትርፍ ድምፆች የመጡት ድምፅ ከሌላቸው ሰዎች ነው። በ1800 ቨርጂኒያዊው ጄፈርሰን ጆን አዳምስን 73 ለ65 ማሸነፉን ከዚህ አጠገብ መጻፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት ለ32ቱ ፕሬዚዳንቱ የቨርጂኒያ ሰው፣ ያውም ባሪያ አሳዳሪ ነበር።

በብዛት የሚዘለለው የኋለኛው ዘመን ነው። 14ኛው ማሻሻያ በ1868 ክፍልፋዩን ሽሮ ጥቁሮችን ሙሉ አስቆጠረ፤ 15ኛው በ1870 በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን አገደ። ደቡቡ ግን በድምፅ መስጫ ግብር፣ በማንበብ ፈተናና በኃይል መልሶ ከለከላቸው። ሙሉ እየተቆጠሩ ድምፅ አለመስጠት ማለት ለነጭ ገዥዎቹ ከሦስት አምስተኛውም የበለጠ ትርፍ ነው። ይህ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ ዘለቀ። ለእኔ ይህን የዘለለ መምህር ትምህርቱን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

ትምህርቱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚወስኑት ግዛቶቹ ናቸውና። የደቡብ ድህነት ሕግ ማዕከል የተባለው የሲቪል መብቶች ድርጅት በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ባርነት በሰሜንና በደቡብ ግዛቶች መካከል የተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ዋና ምክንያት መሆኑን የለዩት 8 በመቶው ብቻ ነበሩ።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ታሪክ የሚያገኙት ለዜግነት ፈተና ሲያጠኑ ነው። በ2025 በአዲስ በተተካው የ2008ቱ የፈተና ቅጂ «ወደ እርስ በርስ ጦርነቱ ያመራ አንድ ችግር ጥቀስ» የሚል ጥያቄ ነበር። ባርነት፣ የኢኮኖሚ ምክንያቶች፣ የግዛቶች መብት፤ ከሦስቱ አንዱን የጠራ ጥያቄውን ያልፍ ነበር። «የግዛቶች መብት» ብሎ ላለፈው አባት፣ አጠገቡ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጅ የምታነሣው ጥያቄ ይቀራል፦ ምን የማድረግ መብት?