«ደብዳቤ አምጥቻለሁ እኮ!» እና ሌሎች ስለ ቀሪ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አቴንዳንስ ቢሮ (የተገኘና የቀረ ተማሪ በሚመዘገብበት) ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ነገር ግን እስካሁን ሊለመደኝ አልቻለም። ወላጅ መጥቶ «ልጄ ትናንት ቀርቷል፣ ግን ይኸው ደብዳቤ፤ ትምህርት ቤቱ ምንም አያጣም» ሲለኝ።

ያጣል! ደብዳቤ ኖረም አልኖረም ያጣል።

ካሊፎርኒያ ለትምህርት ቤቶች የምትከፍለው በተመዘገበው ልጅ ብዛት ሳይሆን በየቀኑ በተገኘው ልጅ አማካይ ነው። ድሮ በበቂ ምክንያት የቀረ ልጅ እንደተገኘ ይቆጠር ነበር። ከ1998–99 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ይህ ቀርቷል። ልጁ ቢታመም፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ በዓል ቢያከብር፣ ለገንዘቡ ሲሆን ቀሪ ቀሪ ነው። ደብዳቤው የሚጠቅመው ልጁን ነው። ያለፈቃድ ቀረ አይባልም፤ ያመለጠውን ፈተናና የቤት ሥራ የማካካስ መብት አለው። ስለዚህ ደብዳቤውን አምጡ፣ አትተዉ። የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ግን አይመልስም። በዚያ ላይ ከትምህርት ቀኖቹ 10 በመቶ የቀረ ልጅ፣ ማለትም ከ180 ቀን 18ቱን፣ በሙሉ ፈቃድም ቢሆን አዘውትሮ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል።

የ2025 ገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 7 ጠዋት፣ አንዲት እናት ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች። በአንድ እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ በሌላው ደብዳቤ ይዛለች። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር። «እህቴ፣ ልጅቷ ቅዳሴ አድራ ተኝታለች። ደብዳቤውን ይዤልሽ መጣሁ፤ እናንተ ላይ ምንም አይቀነስም አይደል?» አለችኝ። በዓል ማክበር ሕጉ የሚፈቅደው ምክንያት ነው፤ ማንም ሊቆጣት አይችልም። እኔም እንኳን አደረሰሽ ብዬ ዳቦዬን ተቀበልኩ። እውነቱን ግን ነገርኳት። ደነገጠች። አራት ልጆች አስተምራለች፤ አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም።

በዚያው ቀን ነው የፓሊሴድስ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ትልቅ ሰደድ እሳት የተነሳው። ማታውን ደግሞ ሌላው፣ የኢተን እሳት። በነጋታው እኛ ጋ በሩ ክፍት ነበር፤ አየሩ ግን ጭስ ጭስ ይላል። 28 ልጅ ያለበት አንድ ክፍል ገብቼ ስቆጥር 11 ልጅ ብቻ አገኘሁ። ሐሙስና ዓርብ የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት፣ ማለትም የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው አካል፣ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ።

ያኔ ሁለተኛው ስህተት መጣ። «አደጋ ስለሆነ መንግሥት ራሱ ያውቀዋል፤ ገንዘቡን አይቆርጥም።» አያውቀውም። ካልተጠየቀ ይቆርጣል። ጄ-13ኤ የሚባል ፎርም አለ። ዲስትሪክቱ በእሳት፣ በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በወረርሽኝና በመሳሰሉት ምክንያት ያጣውን ገንዘብ የሚጠይቀው በዚያ ነው። የቦርድ አባላት ይፈርሙበታል፣ ካውንቲው አይቶ ያጸድቃል፣ ከዚያ ወደ ስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ፎርሙ ሦስት ነገር ይሸፍናል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ክፍት ሆኖ የተገኘው ልጅ ከወትሮው 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ሦስተኛው መዝገቡ ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል ነው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መምህራንም ጭምር። ያን ረቡዕ አንድ መምህር «ልጅ በሌለበት ምን ስም እጠራለሁ?» አለኝ። ስም መጥራት ያለብን እኮ ያን ዕለት ነው! 11 ልጅ መምጣቱ በዕለቱ ካልተመዘገበ ከወትሮው ስንት እንደጎደለ በምን እናሳያለን? ወላጆችም ብትሆኑ ደውሉና እውነተኛውን ምክንያት ንገሩን። ከቤት ውጡ ተብላችሁ ከሆነ፣ ልጁ አስም ኖሮበት ጭሱን ፈርታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያው በሉን። «አሞት ነው» ብቻ ስትሉን ቢሮው ጉንፋን ይመስለዋል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚላክላችሁን የቤት ትምህርት ወረቀትም አትጣሉት። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ተዘግቶብኛል ብሎ የሚጠይቅ ዲስትሪክት፣ ልጆቹ በዚያ ጊዜ ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕቅድ እንዳለው ማረጋገጥ አለበት።

«በኮቪድ ጊዜ ተከፍሎ የለ እንዴ?» ለዚያ ጊዜ ብቻ የወጣ ሕግ ነበር፤ አልፏል።

«ሜሪላንድ ያለችው እህቴ እንዲህ የሚባል ነገር የለም አለችኝ።» እሷም ልክ ናት። እዚያ በሴፕቴምበር መጨረሻ የተመዘገበው ልጅ ተቆጥሮ ይከፈላል። እዚህ ካሊፎርኒያ ነው።

«አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ዲስትሪክት ከዘንድሮው፣ ከአምናው ወይም ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የሚበልጠው ስለሚያዝለት ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ቀስ እያለ ግን ይደርሳል። ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩት) ይህ የሦስት ዓመት ከለላ የላቸውም፤ እነሱን ወዲያው ነው የሚያገኛቸው።

አሁን ልለምናችሁ። ለአንድ ወር አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ ለእኛም ንገሩን። ልጁ በኢንዲፔንደንት ስተዲ፣ ማለትም ከክፍል ውጭ ሆኖ በመምህር ክትትል በሚማርበት ዘዴ፣ ተመዝግቦ ሥራውን ከሠራ ቀሪ ላይሆን ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ስትነግሩኝ ግን እጄ አጭር ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ የማካካሻ ፕሮግራም ያለው ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ቅዳሜ ወይም ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየመጣ በዓመት እስከ 10 ቀን እንዲያካክስ ማድረግ ይችላል። ይህ ለገንዘቡም ይቆጠራል። የእናንተ ትምህርት ቤት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ «ረፍዷል፣ በቃ ይቅር» የሚባለው ነው። በመደበኛው ክፍል የሚማር ልጅ ከቀኑ የተወሰነውን ክፍል ከመምህሩ ጋር ከዋለ ለገንዘቡ እንደተገኘ ይቆጠራል። ሐኪም ቀጠሮ አለው ብላችሁ ቀኑን ሙሉ አታስቀሩት።

ያቺ የዳቦዋ እናት በማርች ልጇን ከጥርስ ሐኪም በቀጥታ አመጣቻት። ሊለቀቁ 40 ደቂቃ ቀርቷል። የልጅቷ ግማሽ አፍ በማደንዘዣው ደንዝዞ ስሟን እንኳን በቅጡ መናገር አቅቷታል። ማርፈዷን ጻፍኩ፣ ወደ ክፍሏ ላክኋት፣ «ቀሪ» የሚለውንም «ተገኝታለች» ብዬ ለወጥኩት።