ዕቃ የሌለው ሱቅ፦ በትእዛዝ አትሞ የመሸጥ ንግድ

መርካቶ ገብቶ ዕቃ የጠየቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባለሱቁ «አለ፣ ቁጭ በል» ይላል። ከዚያ ልጁን በዓይኑ ጠቀስ ያደርጋል። ልጁ ሹልክ ብሎ ይወጣና ከሦስት ሱቅ ወዲያ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ሒሳቡ ይከፈላል፣ ትርፉ መሀል ላይ ይቀራል። ባለሱቁ ዕቃው አልነበረውም። የነበረው ገዢው ነው።

ድሮፕሺፒንግ የሚባለው የኢንተርኔት ንግድ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ልጁ የሚሮጠው ወደ ጎረቤት ሱቅ ሳይሆን ሌላ አገር ወዳለ መጋዘን ነው። ዕቃውም ወደ ሻጩ አይመለስም፤ ከመጋዘኑ ቀጥታ ገዢው ደጃፍ ይደርሳል። ፕሪንት ኦን ዲማንድ፣ ማለትም በትእዛዝ ማተም፣ ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ይወስደዋል። እዚህ ዕቃው ገዢው እስኪከፍል ድረስ ጭራሽ የለም። ባዶው ቲሸርት መደርደሪያ ላይ ነው። ሥዕሉ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። ሱቅ በደረቴ እንኳ ማስቲካና ሶፍቱን ተሸክሞ ይዞራል፤ ይህ ነጋዴ ግን በእጁ ምንም አልያዘም።

አንድ ትእዛዝ እንከተል። ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ሴት በአማርኛ ፊደል ያጌጠ የቡና ኩባያ ነድፋለች እንበል። ሱቋን ሾፒፋይ ወይም ኤትሲ በተባሉ የኢንተርኔት መሸጫዎች ላይ ከፍታለች። ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ኩባያውን ወደደውና ከፈለ። ትእዛዙ ማንም ሳይነካው አሜሪካ ወዳለ አታሚ ይሄዳል። አታሚው የራሱን ዋጋ ከሻጯ ካርድ ላይ ይቆርጣል። ያትማል፣ ያሽጋል፣ ይልካል። ማተሙ ብቻውን ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል፣ መንገዱ ከዚያ ሌላ ነው። ጥቅሉ ላይ የሚጻፈው የሻጯ ሱቅ ስም እንጂ የአታሚው አይደለም። ሚኒያፖሊስ ያለው ሰው አታሚ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ኩባያው ተሰብሮ ቢደርስ የሚቆጣው በእሷ ላይ ነው።

የዚህ ሥራ አመጣጥ ከመጽሐፍ ጋር የተያያዘ ነው። በ1997 (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢንግራም የተባለው የአሜሪካ የመጻሕፍት አከፋፋይ ቴኔሲ ውስጥ መጽሐፍን አንድ አንድ ቅጂ እያተመ የሚልክ ድርጅት አቋቋመ። በ1999 ካፌፕሬስ ካሊፎርኒያ ላይ ተነሣና ሐሳቡን ወደ ኩባያና ቲሸርት አመጣው። ስፕሬድሸርት በ2002 ላይፕሲግ ላይ፣ ሬድበብል በ2006 ሜልበርን ላይ ተከተሉ። አማዞንም በ2015 የራሱን የቲሸርት ፕሮግራም ከፈተ። እንደ ሬድበብልና አማዞን ባሉት ዘንድ ሱቁ የእነሱ ነው፤ ነዳፊው ሥዕሉን ይሰቅላል፣ ሲሸጥ ድርሻውን ይቀበላል። ሌሎቹ ደግሞ ከጀርባ ብቻ ይሠራሉ፤ ሱቁም ዋጋውም ገዢውም የነዳፊው ነው። ድሮፕሺፒንግ በትክክል የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ዋና ከተማ፣ ብዙ ሰው የማይጠብቃት የላትቪያዋ ሪጋ ናት። እዚያ የነበሩ ወጣቶች ለቢሮ ግድግዳ የሚሆኑ የማበረታቻ ጥቅሶችን በፖስተር ይሸጡ ነበር። የሚያትምላቸውና የሚልክላቸው ጥሩ ድርጅት ሲያጡ ራሳቸው ጀመሩት። በ2013 የተወለደው ፕሪንትፉል ይኸው ነው። በ2021 ዋጋው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ለላትቪያም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ኩባንያ ሆነ። ፕሪንቲፋይም የሪጋ ልጅ ነው፣ የ2015። እሱ ግን በዋናነት ራሱ አያትምም፤ በየአገሩ ያሉ አታሚዎችን ዋጋ ደርድሮ ሻጩን ያስመርጣል። የደላላ ደላላ በሉት። ሁለቱ ለዓመታት ሲፎካከሩ ቆይተው በኅዳር 2024 እንደሚዋሃዱ አስታወቁ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ ለምርቃት ወይም ለሩጫ ቲሸርት ያሳተመ ሰው ስክሪን ፕሪንትን ያውቃል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ይዘጋጃል። አምስት መቶ ሲታተም ርካሽ ነው፤ አንድ ሲታተም ግን ወንፊቱ ከቲሸርቱ ይወደዳል። በትእዛዝ ማተም የሚቻለው ወንፊቱ ስለቀረ ነው። ዲቲጂ የሚባለው ማሽን እንደ ቢሮ ፕሪንተር ቀለሙን ቀጥታ ጨርቁ ላይ ይረጫል። በ2002 የተመሠረተው የእስራኤሉ ኮርኒት ከእነዚህ ማሽኖች ታዋቂ ሠሪዎች አንዱ ነው። ጥጥ ይስማማዋል። ጥቁር ቲሸርት ከሆነ መጀመሪያ ፈሳሽ ይቀባል፣ ቀጥሎ ነጭ ቀለም ይነጠፋል፣ ከዚያ ሥዕሉ በላዩ ይመጣል። ዲቲኤፍ ግን ሥዕሉን ፕላስቲክ ላይ አትሞ፣ ሙጫ ዱቄት ነስንሶ፣ በሙቀት ይለጥፈዋል። ለፖሊስተርም ይሆናል፤ ሰፊ ሥዕል ከሆነ ግን ደረት ላይ ላስቲክ የተለጠፈ ያህል ይሰማል። ሰብሊሜሽን ቀለሙን በሙቀት ወደ ጋዝ ለውጦ ዕቃው ውስጥ ያሰርጸዋል። የኩባያ ሥራ በአብዛኛው በእሱ ነው። ነጭ ወይም ፈካ ያለ ፖሊስተርና ልዩ ቅብ ያለው ዕቃ ይፈልጋል፤ ጥቁር የጥጥ ቲሸርት ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ኮፍያ ላይ ደግሞ ጥልፍ አለ።

ኮምፒውተር ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሲወርድ ይደበዝዛል። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ጨርቅ አያመነጭም። ምስሉም ትልቅ መሆን አለበት፤ አማዞን ለቲሸርት የሚጠይቀው 4500 በ5400 ፒክሰል፣ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነው። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ አይበቃም። ጀርባውን ማጥፋት የረሳ ደግሞ ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ ሳጥን አትሞ ይሸጣል።

በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ ሰው ሌላ ፈተና አለ። የአታሚዎቹ የመንደፊያ ገጽ ብዙ ጊዜ ፊደላችንን አያውቅም፤ «ሰላም» ብለው ሲጽፉ ሦስት ባዶ ሳጥን ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ጽሑፉን በራስ ፕሮግራም ላይ ነድፎ፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሮ፣ እንደ ሥዕል መስቀል ነው። ኢንክስኬፕ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይህን ያደርጋል። ፎንቱም ባለቤት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለሚሸጥ ዕቃ ይሆናሉ። ሌላውን ግን ኮምፒውተሬ ላይ አገኘሁት ብሎ መጠቀም አያዋጣም፣ ፈቃዱን ማንበብ ይሻላል።

ጥልፍ ላይ ደግሞ ፊደላችን ያስቸግራል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ክሩ ያችን ቅጥያ ከዋጣት ቃሉ ሌላ ሆነ። ሪጋ ያለው ሠራተኛ ፊደሉ ተገልብጦ ቢመጣ እንኳ አያውቅም፤ የተላከለትን ያትማል። «እንኳን አደረሳችሁ» ላይ አንድ ፊደል የገደፈ ሻጭ ግድፈቱን የሚያየው ገዢው ለብሶት ፎቶ ሲለጥፍ ነው።

ማንም ሳያይ ንድፍ ለሽያጭ የማውጣትን አደጋ ያሳየው ታሪክ የ2013ቱ ነው። ብሪታኒያ በ1939 ለጦርነቱ ያዘጋጀችውና «ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚለው ፖስተር በዚያ ሰሞን እንደገና ፋሽን ሆኖ ነበር። ሶሊድ ጎልድ ቦምብ የተባለ ድርጅት በአባባሉ አምሳል ቃላትን በኮምፒውተር ፕሮግራም እያገጣጠመ፣ እጅግ ብዙ ቲሸርቶች አማዞን ላይ ለጠፈ። ፕሮግራሙ ካገጣጠማቸው መሀል ሴቶችን መድፈርን የሚያበረታቱ ነበሩባቸው። ቁጣው ነደደ፣ ዕቃዎቹ ተነሡ፣ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። ቲሸርቶቹ ታትመው አያውቁም ነበር፤ ስክሪን ላይ ያሉ ሥዕሎች ብቻ ነበሩ። ያልተሠራ ዕቃ ስም ማጥፋት እንደሚችል የታየው ያኔ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ መቶ ንድፍ ሲያወጣ ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ገንዘቡስ? «ያለ ካፒታል» የሚለው ማስታወቂያ ግማሹ እውነት ነው። ቲሸርቱ በ25 ዶላር ተሸጠ እንበል፣ ማድረሻውን ጨምሮ። አታሚው ለቲሸርቱና ለህትመቱ 12፣ ለማድረሻው 5 ዶላር ቢወስድ 17 ሄደ። ኤትሲ ለመለጠፊያ 20 ሳንቲም ይወስዳል። ከሽያጩ 6.5 በመቶ፣ ማለትም 1.63 ዶላር ይቆርጣል። ለክፍያ ማስተላለፊያ አሜሪካ ውስጥ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይጨምራል፤ ይህም አንድ ዶላር ነው። ሻጩ እጅ የሚቀረው 5 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው፣ ግብር ሳይነካው። ገዢውን ያመጣው የ8 ዶላር የፌስቡክ ማስታወቂያ ከሆነ በእያንዳንዱ ሽያጭ ሦስት ዶላር ገደማ ይከስራል። ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ይከስራል ማለት ነው። ገዢው «ጠበበኝ» ብሎ ሻጩ በራሱ ወጪ ሌላ ቢልክለት ደግሞ የሦስት ቲሸርት ትርፍ ሄደ። አታሚዎች በአብዛኛው የሚክሱት ለተበላሸ ህትመት ነው፤ ለተሳሳተ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የመጠን ሠንጠረዡን በሴንቲሜትር ጭምር መለጠፍ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሕጉን ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። የሐበሻ ቲሸርት ሲባል አንበሳ፣ ባንዲራና ቦብ ማርሊ ቶሎ ይመጣሉ። ማርሊ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ድርጅት የማርሊን ፎቶዎች ከፎቶ አንሺ አግኝቶ ቲሸርት ላይ አሳትሞ ነበር፤ ቲሸርቶቹም እንደ ዋልማርት ባሉ ትልልቅ መደብሮች ተሸጡ። ቤተሰቡ ከሰሰ። በ2015 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ የተፈረደውን አጸና። የፎቶው መብት የፊቱን መብት አላስገኘም። አጭር አባባልም የንግድ ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ የአሜሪካው መዝገብ በነፃ ይፈተሻል። ኤትሲ ደግሞ ንድፉ የሻጩ እንዲሆንና የሚያትምለትን ድርጅት በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል።

ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ትንሽ ጥቅልም ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለዕቃው ደህንነት ተጠሪ የሚሆን አካል እዚያው ኅብረቱ ውስጥ መኖር አለበት። አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ነሐሴ 2025 ላይ አንሥታለች። ለዚህ ነው ለአሜሪካ ገዢ አሜሪካ፣ ለጀርመን ገዢ አውሮፓ ውስጥ ያለ አታሚ መምረጥ የሚሻለው።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ለመሥራት ዋናው እንቅፋት ንድፍ ሳይሆን ገንዘብ መቀበል ነው። ክፍያ አስተላላፊው ስትራይፕና የኤትሲ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያን በዝርዝራቸው አላካተቱም። ውጭ ያለ ዘመድ ሱቁን በስሙ ከፍቶ አገር ቤት ያለው ቢነድፍ ይቻላል፤ ግን ግብሩም ተጠያቂነቱም የሚወርደው የሱቁ ባለቤት ላይ ነው። «እህቴ እኮ ናት» ከማለት በፊት ድርሻውን በወረቀት ማስፈር ይበጃል። ገዢው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ እርሱት። ከሪጋ የተላከ ቲሸርት ጉምሩክ አለበት፣ የቤት አድራሻ ችግር አለበት። ሂት ፕሬስ፣ ማለትም በሙቀት የሚለጥፍ ማሽን፣ ያለው የሰፈር ማተሚያ ቤት በርካሽ፣ ምናልባትም በዕለቱ ይሠራዋል።

ገበያው ያለው ውጭ ነው፣ ጊዜም አለው። ከ1984 ጀምሮ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ሰዉን አንድ ከተማ ላይ ይሰበስባል። ለዚያ የሚለበስ ቲሸርት ሰኔ መጀመሪያ ላይ መታዘዝ አለበት። ለእንቁጣጣሽም ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሱቁ ዝግጁ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ሻጩ ራሱ አንድ ናሙና አዝዞ፣ ደጋግሞ አጥቦ፣ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጸና ማየት አለበት፤ ፕሪንትፉል ለናሙና ቅናሽ ያደርጋል። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን አታሚዎቹ በሥራ ይጨናነቃሉ፣ የማዘዣ ቀነ ገደብም ያወጣሉ። የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ላይ ነው። የጥምቀት ትእዛዝ ሲገባ የፈረንጁ ወረፋ አልፏል፣ ማሽኑም አረፍ ብሏል።