«ብሎግ ከሚጽፉ ጌሙን ይጨርሱት»፦ ስለ መካከለኛው ዘመን ጌሞች አፕዴት በየቀኑ የምንሰማቸው ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም አያት ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ጌም ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ገና ስላልወጣ የመካከለኛው ዘመን ጌም ወሬ ብታነሡ፣ ተራውን ከሚጠብቀው ልጅ የምትሰሙት አንድ ነገር ነው፦ «ብሎግ መጻፉን ትተው ጌሙን አይጨርሱትም?» የጌሙ ሠሪዎች በድረ ገጻቸው ስለ ፈረስ አሯሯጥ ቢጽፉ መልሱ ይኸው ነው፤ ስለ ግብር አሰባሰብ ቢጽፉም ይኸው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን። መጀመሪያ አጫጭሮቹን እንጨርስ። ዓመት የተጻፈባቸው ቀኖችና ወሮች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰመር ላይ ይወጣል ብለው በጋው አለፈ፤ ዋሹን።» አልዋሹም። የእነሱ ሰመር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡ የሚወርድበት ጊዜ። ቃሉን በቀጥታ «በጋ» ብሎ የተረጎመ ሰው ጥር ላይ ጠብቆ ይናደዳል። «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት» ሲሉም ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት ማለታቸው አይደለም፤ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ መጋቢት 22 ማለት ነው። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከጻፉት ሦስት ቀንሱለት፦ 10 ሰዓት ካሉ ለእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 17 ሰዓት ካሉ ሦስት ስትቀንሱ 14 ይሆናል፤ 12 ስላለፈ 12 ቀንሱ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

«ትሬለሩ ላይ ያየነውን ቀነሱት።» በሥራ ላይ ያለ ጌም ቪዲዮ በዚያ ቀን የነበረውን ያሳያል እንጂ ውል አይደለም። ጥግ ላይ «ገና እየተሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ካለ ያንን ከሥዕሉ እኩል አንብቡት።

«ኢትዮጵያን ረሷት።» ባነርሎርድ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጌም የሚካሄድባት ካልራዲያ ከነመንግሥቶቿ የፈጠራ አገር ናት። እንግሊዝም ፈረንሳይም የሉባትም።

«ብዙ ሰው ቢቀጥሩ በሦስት ወር ያልቃል።» አዲስ ፕሮግራመር የሌላ ሰው ኮድ እስኪገባው ወራት ይፈጃል፤ የሚያስረዳው ደግሞ ሥራውን እየሠራ የነበረው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራው እንዲያውም ይዘገያል። በአንድ ሰው እጅ በአመዛኙ የተሠራው ማነር ሎርድስ የተባለ ጌም ሚያዝያ 2024 ገና ሳያልቅ ለሽያጭ ሲቀርብ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው በምኞት ዝርዝሩ አስገብቶት ነበር። ጌሙ ሊሸጥ ቀናት ሲቀሩት ሠሪው ጌሙ ምን እንዳልሆነ በግልጽ ጽፏል፦ የጦርነት ጌሙ የቶታል ዋር ተፎካካሪ አይደለም፣ ዋናው ነገር ከተማ መገንባቱ ነው አለ። ያን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ነው ገዝቶ «ጦርነቱ አነሰ» ያለው።

«ኧርሊ አክሰስ ማለት ወጣ ማለት ነው።» አይደለም፤ ጌሙ ገና እየተሠራ ይሸጣል ማለት ነው። ባነርሎርድ በመጋቢት 30 ቀን 2020 በዚህ መንገድ ሲሸጥ ሠሪዎቹ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል ብለው ነበር። ሙሉው የወጣው በጥቅምት 25 ቀን 2022 ነው። ገንዘባችሁን ለመመለስ ስቲም (ጌም የሚሸጥበት ድረ ገጽ) የሚሰጣችሁ 14 ቀን ነው፤ ያውም ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ። ቆጣሪው ሜኑ ላይ ቁጭ ስትሉም ይሠራል፤ ስለዚህ ጌሙን ከፍታችሁ ምሳ አትሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው። «ብሎግ ከሚጽፉ ጌሙን ይጨርሱት።»

መጀመሪያ፣ ጽሑፉን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ኮድ የሚጽፈው ሰው አይደለም። ከተጫዋቾች ጋር እንዲገናኝ የተቀጠረ ሌላ ሰው አለ። ፕሮግራመሩን ጥቂት ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ ሥዕል ይወስዳል፣ ይጽፋል። ያ ሰው መጻፉን ቢያቆም መቀመጫው ባዶ ይሆናል እንጂ የፈረሱ ኮድ አይፈጥንም። አንካራ ያለው የባነርሎርድ ሠሪ ቴልወርልድስ ጌሙን ያስታወቀው በ2012 ነው፤ በየሳምንቱ መጻፍ የጀመረው ግን በ2017 ነው። ኪንግደም ከም የተባለውን ጌም የሠሩት የቼክ ሰዎችም በ2014 ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ በኪክስታርተር ከ1.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስበው በ2015 መጨረሻ እናወጣለን ብለው ነበር፤ የወጣው በየካቲት 13 ቀን 2018 ነው። ሁለቱንም ያዘገየው ጽሑፍ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው።

ሥራውን በቅርብ እንየው። አፕዴቱ ላይ «ወታደሮች በከበባ ጊዜ መሰላል የሚጠቀሙበት መንገድ ተሻሽሏል» የሚል አንድ መስመር ይወጣል። ጌም ቤት ውስጥ «ለዚህ ነው ወር የፈጀው?» ይባላል። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ መሬቱን የሚያየው በማይታዩ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው። ወታደሩ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የሚያልፈው በሚነካኩበት ጠርዝ ነው። ሜዳና በር ቦታቸውን አይለቁም። መሰላል ግን አንዴ መንገድ ነው፣ አንዴ አይደለም፦ ተሸክመውት ሲመጡ ዕቃ ነው፣ ግንቡ ላይ ሲደገፍ መንገድ ይሆናል፣ ተከላካዮቹ ሲገፉት መንገዱ ይቆረጣል። በተቆረጠበት ቅጽበት 40 ወታደር ወደዚያው እየሮጠ ነው። ሁሉም ሌላ መንገድ መምረጥ አለባቸው። ሁሉም ቅርቡን መሰላል ከመረጡ ሥሩ ላይ ይጣበቃሉ። በተራ ይውጡ ከተባለ ደግሞ ከፊት ያለው ጋሻውን አንሥቶ ሲቆም ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ ይቆማል። በ2020 ባነርሎርድ ላይ ወታደሮች መሰላሉ ሥር ተኮልኩለው ቀስት ሲጠጡ የታየው የዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ጊዜውንም አስሉት። ጌሙ በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲያሳይ ከተፈለገ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ላይ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ የቀስቱ አበራረር ሁሉ ይካፈላል። ለወታደሮች ሐሳብ 4 ሚሊሰከንድ ተረፈ እንበል። ባነርሎርድ በአንድ ውጊያ እስከ 1,000 ተዋጊ ያሰልፋል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ 4ቱ እጅ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ አያስቡም፣ በተራ ነው። ተራው በጣም ከዘገየ ወታደሩ ወደ ወደቀው መሰላል መሮጡን ይቀጥላል። ከፈጠነ ጌሙ ይንቀረፈፋል። ሚዛኑ የሚገኘው አንድን ከበባ ደጋግሞ በማስጀመር ነው፤ መሰላሉ ሲስተካከል በር ሰባሪዎቹ ግራ ይጋባሉ፣ እንደገና ከዚያ ይጀመራል።

ለዚህ ነው አፕዴት ሲወጣ የተጫዋቹ መልስ ዋጋ ያለው። ግን መልስ ሲሆን ነው። «ከበባው ይደብራል» ብላችሁ ስትጽፉ ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። እንዲህ ጻፉት፦ «600 ለ200 ከበባ። ግራው መሰላል ከወደቀ በኋላ 30 ያህል ወታደር ከሥሩ ቆሞ ቀረ። ሞድ የለም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሆነ።» ከዚህ ጋር ከዋናው ሜኑ ላይ የስሪት ቁጥሩን፣ ከዚያ ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርዳችሁን ጨምሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ሞዶቹን (ሌሎች ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨመሩትን) በሙሉ አጥፍታችሁ በአዲስ ዘመቻ ሞክሩ። በሞድ የተጀመረ ሴቭ ሞዱ ከጠፋ በኋላም ሊበላሽ ስለሚችል አሮጌው ላይ መሞከር ማስረጃ አይሆንም። ከጓደኛ ፍላሽ የተቀዳ የድሮ ስሪት ይዛችሁ ከሆነም ቅሬታውን ተዉት፤ የምትናደዱበት ነገር ምናልባት ከዓመት በፊት ተስተካክሏል።

«ግራፊክሱን ሎው አድርጌው እንኳ ይንቀረፈፋል፤ አልሠሩበትም» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። ትልቅ ውጊያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሥዕሉን ብታደበዝዙት አይቀለውም። የውጊያውን መጠን ከ1,000 ወደ 300 ወይም 200 አውርዱት። ባነርሎርድ በትንሹ 6 ጂቢ ራም ይላል፤ የሚመከረው 8 ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1060 ቢሆን ይመረጣል።

የዲስክ ቦታው 60 ጂቢ ነው። ይህን ያህል ለማውረድ በ10 ሜጋ ቢት መስመር ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የመስመሩ ፍጥነት በቢት፣ የጌሙ መጠን በባይት ስለሆነ ፍጥነቱን ለ8 ማካፈል አትርሱ። መብራት ቢጠፋ ስቲም ካቆመበት ይቀጥላል። ሴቭ በሚደረግበት ሰከንድ ከጠፋ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ በሁለት ስም እያፈራረቃችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ዶክመንትስ ውስጥ ካለው የጌሙ ፎልደርም አልፎ አልፎ ቅጂ አውጡ። ጌሙን የገዛችሁ ጓደኛሞች ከሆናችሁ አንዱ ያውርድና ሌሎቹ በሃርድ ዲስክ ቀድታችሁ ስቲም ፋይሉን እንዲያረጋግጥ እዘዙት፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ዲስኩ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፣ ውስጡ ያለውን ግን አስቀድማችሁ አውጡ።