ሽያጭ ያለው ሱቅ ለምን ይዘጋል? በክፉ ጊዜ ስለ መነገድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመሐል አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ የቆየ ነጋዴ ብዙ አሳልፏል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገባ፤ በመስከረም 2013 የብር ኖቶች ተቀየሩ፤ በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ሱቆች ለልማት ተነሡ፤ በመካከሉም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ ስይዝ እንደታዘብሁት፣ በዚህ ሁሉ መካከል ከተዘጉት ሱቆች ብዙዎቹ ደንበኛ አላጡም፤ ያለቀባቸው ቀጣዩን ዕቃ የሚያመጡበት ጥሬ ገንዘብ ነው። ከታች የማነሣቸው አመለካከቶች በሙሉ ይህንን ገንዘብ ሳይታወቅ የሚያስበሉ ናቸው።

«ከገዛሁበት በላይ ከሸጥሁ አትርፌያለሁ»

በረጋ ገበያ ይህ እውነት ነው፤ ዋጋ በሚሮጥበት ጊዜ ግን ነጋዴን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እምነት ይኸው ነው። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ብዙ ቸርቻሪዎች መደርደሪያቸው ላይ የነበረውን ዕቃ በድሮው ስሌት ሸጠው «ገበያ ደራ» ብለው ነበር። አንድ ጥንድ ጫማ በ1,000 ብር የገዛ ሰው በ1,250 ሸጦ ወደ አከፋፋዩ ሲመለስ ዋጋው 1,400 ሆኖ ቢጠብቀው፣ መዝገቡ 250 ብር አተረፈ ይለዋል፤ ኪሱ ግን 150 ብር ጎድሎበታል። መቶ ጥንድ በዚሁ መንገድ ቢሸጥ በእጁ የሚገባው 125,000 ብር 89 ጥንድ ብቻ ያመጣለታል፤ «ትርፍ ነው» ብሎ 25,000ውን ለቤት ወጪ ካዋለው ደግሞ ሱቁ የሚሞላው በ71 ጥንድ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ግብሩም የሚሰላው በመጀመሪያው የግዢ ዋጋ በመሆኑ፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ያቺኑ 250 ብር እንደ ትርፍ ይቆጥራታል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመሸጫ ዋጋ የሚወጣው ዕቃው ትናንት ከተገዛበት ሳይሆን ነገ ከሚተካበት ዋጋ ተነሥቶ ነው። ለዚህም ዕቃ ባይገዙም በየሳምንቱ ወደ መርካቶ አከፋፋዮች ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ጎረቤቴ በድሮው ዋጋ እየሸጠ እኔ እንዴት እጨምራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት መደርደሪያን ባዶ ከሚያደርግ ሽያጭ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሽያጭ ይሻላል። ነገር ግን ዕቃ ሸሽጎ ዋጋ መጠበቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላም ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች ታሽገው ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዋጋው ለምን እንደጨመረ የሚያስረዳው የግዢ ደረሰኝ ነውና የአዲሱን ግዢ ደረሰኝ በቅርብ ማስቀመጥ ይበጃል።

ዱቤ ካልተሰጠ ደንበኛ ይሸሻል የሚለው አመለካከትም ከዚሁ ሒሳብ አያመልጥም። ዛሬ በ1,250 ብር በዱቤ የሄደ ጫማ ከሦስት ወር በኋላ ሲከፈል የሚተካው ዋጋ ርቆ ሄዷል። በየሱቁ የሚለጠፈው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» ቀልድ ቢመስልም ጥሩ የሒሳብ ባለሙያ የጻፈው ይመስለኛል። ዱቤ ፈጽሞ ሊቀር የማይችል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለደብተሩ ጠቅላላ ድምርም ጣሪያ ሊበጅለት ይገባል።

«እቁብ ስላለኝ አልወድቅም»

እቁብ በአንድ ጊዜ ብድርም ቁጠባም ነው፤ ለማን የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የዕጣው ተራ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 10,000 ብር ቢጥሉ፣ መጀመሪያ 120,000 ብሩ የደረሰው ሰው፣ ከራሱ 10,000 በላይ ያለውን 110,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ደግሞ ወለድ የማይከፈልበት ቁጠባ ሲያስቀምጥ ከርሟል። ዕቃ በየወሩ በ2 በመቶ ይወደዳል ብንል፣ የመጨረሻው ሰው 120,000 ብር የሚገዛለት በመጀመሪያው ወር 96,500 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ከረጅም ወርኃዊ እቁብ ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ የሳምንት ወይም የቀን እቁብ ይመረጣል፤ ዕጣ ለደረሰው ሰው ጥቂት ከፍሎ ተራውን መግዛትም፣ ገንዘቡ ወዲያው ዕቃ የሚገዛበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የሚጣለው መጠን ግን በደህናው ሳይሆን በደካማው ሳምንት ሽያጭ ሊመጠን ይገባል፤ ዕጣ አስቀድሞ የወሰደ ሰው መጣል ሲያቅተው ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃልና።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሌሊት በመርካቶ ሸማ ተራ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ስለ መድን የሚጠይቅ ነጋዴ በዝቷል፤ መድን የገባ ሁሉ ሙሉ ካሳ ያገኛል የሚለው ግምትም አብሮ ተስፋፍቷል። ዕቃው 2 ሚሊዮን ብር ሲያወጣ ውሉ ላይ የሰፈረው የድሮው 1 ሚሊዮን ከሆነ፣ ባለቤቱ ግማሹን አደጋ በራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። የ500,000 ብር ዕቃ ቢቃጠልበት የሚከፈለው ወደ 250,000 ብር ነው። ዋጋ ሲንር የመድን ውሉን ማሻሻል የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

«አከራዬ በአዲሱ አዋጅ ምክንያት አያስወጣኝም»

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ብቻ ነው። የሱቅ ተከራይ ጥበቃ የሚያገኘው በውሉ ላይ ከተጻፈው ነውና የኪራይ ዘመኑንና የጭማሪውን መጠን አስቀድሞ ማስፈር ይኖርበታል።

«ሱቁን ከዘጋሁ ግብሩም ይቆማል»

ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ንግዱን በሕግ ፊት አይዘጋውም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ነጋዴው በመዝገብ ላይ እየነገደ ነው፤ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ ምንም ሽያጭ ባይኖረውም ባዶውን ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ካላደረገ ቅጣቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በአግባቡ የሚዘጋ ሰው ከገቢዎች ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት) ያወጣል፣ የካሽ ሬጂስተር ማሽኑን ከመዝገብ ያሰርዛል፣ ፈቃዱንም ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይመልሳል። ሥራውን የሚቀጥልም ቢሆን ኪሳራውን አስመዝግቦ መያዙ ይጠቅመዋል፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ተቀባይነት ባለው መዝገብ የተደገፈ ኪሳራ እስከ 5 ዓመት ድረስ ተሸጋግሮ ከወደፊት ትርፍ ላይ ይቀነሳል።

ሱቅ ሲዘጋ ዕዳውም አብሮ ይቀራል ብለው የሚያስቡም አሉ። በግለሰብ ስም በወጣ ፈቃድ የሚነግድ ሰው ለንግዱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ስለተፈቀደለት፣ በዚህ መንገድ የሚነግድ ሰው በመርሕ ደረጃ የሚያጣው በማኅበሩ ውስጥ ያስገባውን ነው፤ ለባንክ ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ግን ለዚያ ብድር ይህ ከለላ አያገለግለውም።