ማሽተት ያቃተን «ኢሚዩኒቲ ወርዶ» ነው? የመከላከል ምላሽ ምንድን ነው?

«ከጉንፋን በኋላ ሽታ ከጠፋብህ ኢሚዩኒቲህ (የሰውነትህ በሽታ የመከላከል አቅም) ወርዷል ማለት ነው፤ ከፍ አድርገው።» ባሕር ዳር ውስጥ ከቡና ቤት እስከ ፌስቡክ ይህን ሰምቼ ሰምቼ ሰለቸኝ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ ጠብ ማድረግን «ኢሚዩኒቲ ማሳደጊያ» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ እሱ ማቃጠያ ነው።

ሽታ የሚለዩት ነርቮች ያሉት በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ባለች ጠባብ ቦታ ነው። በዙሪያቸው ደጋፊ ሴሎች አሉ። ከሥር ደግሞ አዲስ ነርቭ የሚያበቅሉ ስቴም ሴሎች አሉ። የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚገባው ደጋፊዎቹ ውስጥ ነው። መግቢያው የሆነው ኤሲኢ-2 የተባለ ፕሮቲን እነሱ ላይ አለ፤ ነርቮቹ ላይ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ «ቫይረሱ ነርቩን በላው» የሚለውም ልክ አይደለም። (ይህ ስለ ኮሮና ነው። ሌሎች ቫይረሶች የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው አንዱን በሌላው አትለኩ።)

ታዲያ ነርቩ ካልተያዘ ሽታው የት ሄደ? የተያዘ ሴል ኢንተርፌሮን የመሰሉ የማንቂያ ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ተከላካይ ሴሎችም ይጎርፋሉ። ጤነኞቹ ነርቮች በዚህ ግርግር መሃል የሽታ መቀበያ ፕሮቲኖቻቸውን ማምረት ይቀንሳሉ። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይመለስለታል። ወራት ያለፈባቸው ሰዎች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከዚሁ ቦታ ናሙና ወስዶ ሲያይ ቫይረሱን አላገኘውም። ያገኘው ቲ ሴሎችን፣ ማለትም ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የማንቂያ ኬሚካል የሚያመርቱ ተከላካይ ሴሎችን ነው። ነርቮቹም ቀንሰው ነበር።

የጣናን እምቦጭ ነቀላ አስቡት። እምቦጩ ቫይረሱ፣ ነቃዮቹ ተከላካይ ሴሎች፣ ደንገሉ ደግሞ ነርቮቹ ይሁኑ። ነቃይ ካልወጣ ሐይቁ ይሸፈናል፤ መውጣቱ ግድ ነው። ግን ውኃው ውስጥ ሳይገቡ መንቀል የለም፣ ሲገቡ ደግሞ ደንገሉ ይረገጣል። ይሁን፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። እምቦጩ አልቆ ነቃዮቹ ወደ ቤት አንሄድም ቢሉስ? ዳስ ጥለው፣ ጠላ አስጠምቀው፣ ቀን በቀን እዚያው ጭቃ ላይ ቢርመሰመሱ ለጋው ደንገል መቼ ቀና ይላል? አስተያየት ሰጪያችን የሚለን እንግዲህ «ነቃይ ጨምሩ» ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል። እምቦጭ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ትቶ ለዓመታት ይቆያል፤ በእነዚያ ናሙናዎች ግን ቫይረሱ አልተገኘም። ሳትጠይቁኝ ሌላም ልጨምር፦ ጥናቱ 24 ሰዎችን ብቻ ያየ ነው፤ ሽታቸው ሳይመለስ የቆዩት 9 ነበሩ። ከሕያው ሰው የአፍንጫ ጣሪያ ናሙና መውሰድ ቀላል ስላልሆነ የማሽተት ምርምር ዘርፋችን በትንሽ ቁጥር ይኖራል።

«ደሜ ውስጥ አንቲቦዲ ሞልቷል፣ አፍንጫዬ ምን ይሆናል?» የሚሉም አሉ። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረስን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ወደዚህች ቦታ እንደልቡ አይገባም፤ በመሃል አጥር አለ። ቦታው የሚጠበቀው እዚያው ሰፍረው አንቲቦዲ በሚያመርቱ ሴሎች ነው። ክትባት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሳንባን ከከባድ ሕመም መጠበቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን አንድ ሰው በአንዱ ቦታ «ጠንካራ»፣ በሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። እናንተ «ከፍ አድርጉት» ስትሉ የትኛውን ነው?

ማስረጃ ያለው ነገር የማሽተት ልምምድ ነው። ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ጠዋትና ማታ እያሰቡ ማሽተት፣ ለወራት። ሦስቱ ገበያችን አሉ፤ በጽጌረዳው ፋንታ ቡና ብታሸቱ አልቆጣም። ይህም ቢሆን ኢሚዩኒቲ አያሳድግም። የሚያሠለጥነው ነርቮቹንና አንጎልን ነው፣ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ሽታው የጠፋው በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አፍንጫችሁ የሚደማ ከሆነ፣ ልምምዱን ትታችሁ የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እስኪመለስ ድረስ ደግሞ የትናንቱን ዓሣ ሌላ ሰው ያሽትላችሁ።