ቸርኬ ላይ ያለው «ኢቲ» ምንድነው?

ቮልስ ላይ ስፖርት ቸርኬ ስለመግጠም በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ስለሚመጣ አንዴ ልጻፈው። «ኢቲ 35» ምናምን የሚለው ቁጥር፣ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከወርዱ መሀል ስንት ሚሊ ወደ ውጪ እንደራቀ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጎማው ወደ ውጪ ይወጣል። ለምሳሌ ወርዱ እኩል ሆኖ ኢቲ 35 የነበረውን በ20 ብትቀይሩት 15 ሚሊ ይወጣል፣ የጣት ውፍረት ነው በሉት ግን ጉድጓድ ስትገቡ ፓራፋንጎው ጎማውን ሊልጠው ይችላል። ሂሳቡ የትም ያው ነው፤ የሚለያየው ፓራፋንጎው ስንት ይችላል የሚለው ነው፣ እሱ በጎማው ስፋትና መኪናው ዝቅ በማለቱ ይወሰናል።

ደሞ መጀመሪያ ቡሎን ቁጠሩ፣ የድሮዎቹ ቮልሶች 5 በ205 ሚሊ ናቸው (ማለት 5 ቡሎን፣ የሚደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 205 ሚሊ)፣ ኋላ የመጡት 4 በ130። እኔ ሳልቆጥር የገዛኋቸው እስካሁን አልጋ ስር ናቸው።